ሂጂልኝ የተባለች ቡችላ

«እዚህ ወንዝ ዳር ውሻ ሂጂ አይባልም፤ አፍሽን ያዢ» አለችኝ የአባቴ እህት፣ ልጅ ሆኜ፣ ከኋላችን የተከተለችንን ውሻ ልመልስ ብዬ ስጮህ። ወንዙ ነይበያት ይባላል። ደራሽ ውሃ ካልመጣበት በቀር ጠጠርና አሸዋ ብቻ ነው፤ የማያውቅ ሰው ወንዝ መሆኑንም ሳያስተውል ይሻገረዋል። ስሙ ከየት እንደመጣ እሷ የነገረችኝ፣ ኋላም ከሽማግሌዎች የሰማሁት እንዲህ ነው።

እንደሚነገረው፣ ከወንዙ ወዲህ ደብሪቱ የምትባል አዲስ ሙሽራ፣ ከወንዙ ወዲያ ደግሞ ይርገዱ የምትባል ጠና ያለች ሴት ይኖሩ ነበር። የይርገዱ ዶሮዎች እየተሻገሩ የደብሪቱን የጎመን መደብ ስለጫሩባት ሁለቱ ተኳረፉ። በዚያ አገር የከፋው ሰው ፊት ለፊት ከመናገር ይልቅ ነገሩን የከብት ወይም የውሻ ስም አድርጎ ለጎረቤቱ ማሰማት የተለመደ ነበርና፣ ደብሪቱ እናቷ የሞተችባትን ቡችላ አምጥታ ጣቷን ወተት ውስጥ እየነከረች ስታሳድጋት፣ ስሟን «ሂጂልኝ» አለቻት። በነጋ በጠባ ከደጇ ቆማ «ሂጂልኝ! ኧረ ሂጂልኝ!» ስትል ይርገዱ ከማዶ ትሰማለች። ይርገዱም ዝም አላለችም፤ ላሟ ስትወልድ ጥጃዋን «ወዴት» ብላ ሰየመቻት ይባላል። ከዚያ ወዲያ አንዷ «ሂጂልኝ!» ስትል፣ ሌላዋ «ወዴት!» ስትል፣ መንገደኛው ሸክሙን አውርዶ ይስቅ ነበር።

ያልሳቀችው ቡችላዋ ናት። ምድጃው ዳር ስትጠጋ «ሂጂ!» ትባላለች፣ እህል ላይ ስትተኛ «ሂጂ!» ትባላለች፤ ወተት ሲቀርብላት ደግሞ «ሂጂልኝ!»። ስለዚህ ስሟ በተጠራ ቁጥር ግማሽ መንገድ ትመጣና፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ ጭራዋን ከሆዷ ስር ከትታ፣ እንቅልፍ ሳይመጣባት እያዛጋች መሬት ላይ ትለጠፋለች። ደብሪቱ ድምፅዋን ከፍ ባደረገች መጠን ይብስባታል።

«ወይ ደንቆሮ ናት፣ ወይ ንቃኛለች» ትል ነበር ደብሪቱ። ይርገዱ ግን ከማዶ ሆና ይህን ሁሉ ታይ ነበር አሉ።

ሐምሌ ላይ ነው፤ እነሱ ዘንድ ፀሐይ ወጥቷል፣ ላይኛው አገር ግን ዘንቧል። ቡችላዋ ወንዙ መሐል አጥንት ስትግጥ፣ ድንጋይ እያንከባለለ የሚመጣ የደራሽ ውሃ ድምፅ ተሰማ። ደብሪቱ ብቅ ብላ አየችና ክው አለች። ልትወርድ ብትል በእሷ በኩል ያለው ዳር ገደላማ ነበርና ለቡችላ እንጂ ለሰው የሚሆን አልነበረም።

«ሂጂልኝ! ሂጂልኝ! ሂጂልኝ!»

ቡችላዋ ተነሳች፣ ሁለት እርምጃ መጣች፣ አሸዋው ላይ ተለጠፈች።

«አንቺ ሴት፣ ዝም በይ!» አለች ይርገዱ ከማዶ።

«ውሃው ሊወስዳት ነው እኮ!»

«እንግዲያው ነይ በያት! ሂጂ እያልሽ እንዴት ትምጣልሽ? ነይ በያት!»

ደብሪቱ ግን ድንጋጤው አንደበቷን ይዞት ያንኑ ስም ደገመችው። ይህኔ ይርገዱ ራሷ ወደ አሸዋው ወርዳ ቁጢጥ አለች፤ ቡችላዋ ላይ እንዳታፈጥባት ፊቷን ወደ ጎን አዞረች፣ መዳፏን መሬት ላይ ዘረጋች፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ነይ እናቴ፣ ነይ» አለቻት። ያ ውሃ እየመጣ ድምፅን ዝግ ማድረግ! ቡችላዋ ጆሮዋን አነሳች። በሆዷ ተሳበች፣ ከዚያ ሮጠች። ይርገዱ አቅፋት ወደ ዳገቱ ስትወጣ ደራሹ የቀሚሷን ጫፍ አርሶት አለፈ ይባላል።

ውሃው እስኪጎድል ሁለቱ ሴቶች ወዲህና ወዲያ ቆመው ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ደብሪቱ ናት፤ እያለቀሰች ነው የሳቀችው።

«እትዬ ይርገዱ፣ በሉ እንግዲህ ስም ያውጡላት!»

«ዶሮዎቼን እንዳትበላብኝ እንጂ፣ ስምስ አይቸግረኝም። ደረሰች በያት።»

በማግስቱ ደብሪቱ ከደጇ ቁጢጥ ብላ «ደረሰች፣ ነይ» ብትላት ቡችላዋ ሳትቆም መጥታ ጉልበቷ ላይ ወጣች። ጥጃዋ ግን ስሙን ለምዳው ስለነበር፣ ወዴት እንደተባለች አረጀች።

ከዚያ ወዲህ ወንዙ ነይበያት ተባለ። ዛሬም በዚያ አካባቢ ቡችላ ሲመጣ መጀመሪያ «ና» ወይም «ነይ» ሲባል መምጣትን ይለምዳል፤ ስም የሚያወጣለትም ጎረቤት ነው።

እኔም ባለፈው ሳምንት፣ ሴት ልጄ ያመጣችው ቡችላ ምንጣፉን አርሶብኝ መጥረጊያ ይዤ ስቆጣው አልጋ ስር ገባ። «ና፣ ና» እያልኩ ብጠራው እምቢ አለኝ። ልጄ ስታለቅስ ዝም ላሰኛት ብዬ ይህን ታሪክ አወራኋት፤ ጨርሼም ጎንበስ ብል ቡችላው የሚያየው ፊቴን ሳይሆን እጄን ነው። መጥረጊያውን ከእጄ አውጥቼ ደጅ ወረወርኩት።