የጉድጓድ ቆፋሪው ልጅ

አንድ ሰው ነው። አባቱ ሞተውበት፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሊጽፍ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ይህን ሥራ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያልደረሳችሁም ተራችሁ ይደርሳል።

ሰውየው ማቴዎስ ይባላል፤ ሐዋሳ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። አባቱ ጋሽ ሄራሞ ደግሞ ሆሳዕና ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ኖሩ። በዶማና በአካፋ። በዚያ ሥራ ስድስት ልጆች አሳደጉ።

የጋሽ ሄራሞን ጨዋታ የማያውቅ ሰፈር አልነበረም። አሥራ ሁለት ሜትር ወርደው ከታች ይጣራሉ፦ «እናንተ ከላይ ያላችሁ! መንግሥት አልተለወጠም?» አንድ ጊዜ አፈር ተደርምሶ እስከ ደረታቸው ቀበራቸው። ጎረቤቱ እየጮኸ ከአራት ሰዓት ልፋት በኋላ በገመድ ስቦ ሊያወጣቸው ሲል፣ «ኧረ ቀስ በሉ! ሱሪዬ ገና አልመጣም!» አሉ። ሲያለቅስ የነበረው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

ከሥራ ሲመለሱ በራፍ ላይ ታጥበው ነበር የሚገቡት። የጭቃ ልብሳቸውን ለማንም አይሰጡም፤ ራሳቸው ያጥባሉ። «ሚስት ያገባሁት ለጭቃ አይደለም» ይሉ ነበር።

ታዲያ ማቴዎስ ምን ብሎ ጻፈ? «አቶ ሄራሞ በውሃ ልማት ዘርፍ ለረጅም ዓመታት በትጋት አገልግለዋል» ብሎ ጻፈ። ዘርፍ! ጋሽ ሄራሞ ዘርፍ የሚባል ነገር በሕይወታቸው አይተው አያውቁም።

ለእናቱ ለወይዘሮ ዳመነች አነበበላቸው። እሳቸው ፍራሽ ላይ እንደተቀመጡ እስከ መጨረሻው ሰሙና፣

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አሉ።

«አባዬ ነዋ፣ እማዬ።»

«እኔ እንዲህ ያለ ሰው አላገባሁም።»

«እማዬ፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እኮ ይመጣሉ። አለቆቼ ይመጣሉ።»

«ይምጡ። እነሱ ውሃ አይጠጡም?»

ማቴዎስ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጓሮ ወጣ። እዚያ ብቻውን ሲቆም፣ ሃያ ስድስት ዓመት ለማንም ያልነገረው ነገር መጣበት።

ሰባተኛ ክፍል እያለ ነው። አስተማሪው «አባትህ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቀው «ነጋዴ ነው» ብሎ መለሰ። ወር ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ሰው ቀጠረ። ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ጋሽ ሄራሞ!

በእረፍት ሰዓት ተማሪው ጉድጓዱን ከበበ። ጋሽ ሄራሞ እስከ ፀጉራቸው ጭቃ ለብሰው ብቅ ሲሉ ዓይናቸው ከልጃቸው ዓይን ጋር ተጋጠመ። ማቴዎስ ፊቱን አዞረ። ሌላ ማንም አላየም፤ አባቱ ግን አዩ።

ያው አስተማሪ ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ የሚማር ልጅ አለዎት እንዴ?» አላቸው።

ጋሽ ሄራሞ ሳቅ አሉ። «የኔ ልጆችማ የሚመስሉት እኔን ነው፤ ትምህርት ቤት ማን ያስገባቸዋል?»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ተመልሰው ወረዱ።

ማታ ቤት ሲገቡ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሱም። በማግሥቱም አልተነፈሱም። እስኪሞቱ ድረስ አልተነፈሱም። አያችሁ? ልጁ ካዳቸው፤ እሳቸው ክህደቱን በቀልድ ሸፈኑለት።

በቀብሩ ዕለት ማቴዎስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «አባቴ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር» አለ። ከዚያ የትምህርት ቤቱን ነገር አንድም ሳያስቀር፣ እዚያው አለቆቹ ፊት፣ ተናገረ። አንዲት አሮጊት ከኋላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የኔን ጓሮ የቆፈረው እሱ ነው!» አሉ። «የኛንም!» አለ ሌላው። «የኛንም!» ለቅሶው መልኩን ቀየረ፤ ሰው እንባውን ሳይጠርግ ይስቅ ጀመር። ወይዘሮ ዳመነች ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት።

መልካም አደረገ ትላላችሁ። አዎ፣ መልካም አደረገ። ጋሽ ሄራሞ ግን አልሰሙም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሕይወት ሳሉ ሊሰሙት ይችሉ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ሳጥን ውስጥ ነበሩ።

ወገኖቼ፣ የእናንተ አባት ምን ይሠራል? ዘበኛ ነው? ጫማ ሰፊ ነው? ሸክም ተሸክሞ ነው ያስተማራችሁ? ሰው ሲጠይቃችሁ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? እግዚአብሔር እናንተን የመገበው በዚያ ሰው እጅ ነው። እጁን ሳትጠሩ ምግቡን ብቻ ታመሰግናላችሁ?

ሽማግሌ አባት ያላችሁ፣ ለድንኳን ቀን አታቆዩት። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ሂዱ፤ ሩቅ ከሆነ ደውሉ። ሥራውን በስሙ ጠርታችሁ «በእሱ ነው ያደግሁት» በሉት። ይደነግጣል፤ «ምን ሆነሃል? ታመምክ እንዴ?» ይላል። ከዚያ ይቀልዳል፤ እንዲህ ያሉ አባቶች መቀለድ ይወዳሉ። ይቀልድ። አብራችሁ ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ስልኩን አትዝጉት፤ ደግማችሁ ንገሩት።