ሽቦው አልገባም ያለ ዕለት

ተረቴ ዛሬ ከመኪና ሞተር ሥር ይነሣል፤ ቅባት እንዳይነካችሁ ነጠላችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

በአንዲት የገበያ ከተማ አቶ ቢያድግልኝ የሚባሉ የከብት ደላላ ነበሩ። ገበያ መሐል ቆመው «ተሸጠ» ሲሉ ወንዝ ማዶ ያለ ሰው ዞር ይል ነበር። ጉሮሯቸውን ታመው ከዳኑ ወዲህ ግን ያ ሁሉ ድምፅ ሄዶ ሹክሹክታ ብቻ ቀረላቸው። እንዲህ እንዳሉ የሴት ልጃቸው የውብአንቺ ሰርግ ደረሰ። አቶ ቢያድግልኝ ከሰርጉ የፈለጉት አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች። ልጃቸው ከደጅ ስትወጣ ሊመርቋት፣ ሰዉም ሰምቶ አሜን እንዲል። ሰው ያልሰማው ምርቃት አሜን አያገኝም፤ አሜን ያላገኘ ምርቃት ደግሞ በእርሳቸው ዘንድ ግማሽ ምርቃት ነው።

ወንድሟ ደምመላሽ የፒካፕ ሾፌር ነው። የአባቱ ነገር ሆዱን ሲበላው ሰንብቶ፣ ከጓደኛው የመኪና አምፕሊፋየር ከነማይኩና ከነድምፅ ማጉያው ተዋሰ። በሰርጉ ጠዋት መብራት ሄደ። እርሱ ግን ምን ቸገረኝ ብሎ አምፕሊፋየሩን ከወንበሩ ኋላ አስቀመጠና ከመኪናው ባትሪ ኃይል ሊስብለት ኮፈኑን ከፈተ። አምፕሊፋየሩም፣ ሽቦው ከባትሪው ኃይል ካላመጣልኝ አልናገርም አለ።

በሞተሩና በሾፌሩ መካከል የቆመው ላሜራ ላይ፣ ድሮ የተነቀለ ገመድ ትቶት የሄደ ቀዳዳ አለ። ደምመላሽ ሽቦውን በዚያ ቢገፋው ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው። ሽቦ ይናገራል ወይ አትበሉኝ፤ በሰርግ ቀን የማይናገር የለም።

«ዙሪያውን ጎማ ካላለበስክልኝ አልገባም» አለ ሽቦው። «ይህ ላሜራ ቆዳዬን ይልጠኛል፤ እኔ ከተላጥኩ ደግሞ መኪናህን አቃጥላታለሁ።»

ደምመላሽ ሽቦውን በበሩ በኩል ላዙረው ብሎ ሞከረ፤ በሩ ሲዘጋ ሽቦውን ነከሰው። ትራፓኖ አምጥቼ ሌላ ቦታ ልብሳ እንዳይል ትራፓኖውም መብራት ይፈልጋል፤ ቢበሳስ ያው ሌላ ምላጭ አይደል? ስለዚህ፣ ጎማ ከሌለ ሽቦው አይገባም፤ ሽቦው ካልገባ አምፕሊፋየሩ አይናገርም፤ አምፕሊፋየሩ ካልተናገረ የአባባ ምርቃት አይሰማም፣ እያለ ወደ ጎሚስታው ወደ ጋሽ ጥጋቡ ሮጠ።

ጋሽ ጥጋቡ አጥር የሚጋሩ ጎረቤት ናቸው። እሑድ ስለሆነ ሌላው ሱቅ ሁሉ ዝግ ነው፤ እርሳቸው ግን ቱታቸውን ለብሰው የጎማ ክምር ላይ ተቀምጠው ያፏጫሉ። ደምመላሽ አንዲት ቁራጭ የውስጥ ጎማ ለመናቸው። ፉጨታቸውን እንኳ ሳያቋርጡ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ግን ሆዳቸው አልችል አለና ተናገሩ።

«ለእህትህ ሰርግ በስልክ ነው የጠራኸኝ። አጥር ለአጥር ያለ ሰው በስልክ ይጠራል? እኔ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የምል ሰው አይደለሁም። የቤቱ እመቤት ደጄ መጥታ ትጥራኝ፤ ጎማው ያን ጊዜ ይቆረጣል።»

ቤት ለቤት ዞረህ ጥራ ተብሎ ሲታዘዝ፣ ፀሐዩ ከረረብኝ ብሎ መንደሩን በሙሉ ከጥላ ሥር በስልክ የጨረሰው ራሱ ደምመላሽ ነው። በሩቅ ያለው ሰው አመስግኖት ነበር፤ ጥፋቱ የቅርቡን ሰው እንደ ሩቅ መጥራቱ ነው።

ጋሽ ጥጋቡ ካልተጠሩ ጎማ የለም፤ ጎማ ከሌለ ሽቦው አይገባም፤ ሽቦው ካልገባ አምፕሊፋየሩ አይናገርም፤ አምፕሊፋየሩ ካልተናገረ የአባባ ምርቃት አይሰማም፣ እያለ ወደ እናቱ ወደ ወይዘሮ ትርንጎ ሮጠ።

ወይዘሮ ትርንጎ ጓሮ ውስጥ፣ በርሜል የሚያህል ድስት ፊት ቆመው ወጥ ያማስላሉ። ነገሩን ሰምተው ልጃቸውን በማማሰያው ሊሉት ምንም አልቀራቸው። ጋሽ ጥጋቡን ሄደው ሊጠሩ ፈቃዳቸው ነው፤ ግን ማማሰያውን ከእህታቸው ከእትዬ ዘርፌ በቀር ለማንም አያምኑም። ወጡ ካረረ የሰርጉ ቤት ስም አብሮ ያርራል አሉ፤ ዘርፌ ካልተቀበለችኝ ከዚህ ንቅንቅ አልልም አሉ።

እትዬ ዘርፌ ካልመጡ ማማሰያው አይለቀቅም፤ ማማሰያው ካልተለቀቀ ጋሽ ጥጋቡ አይጠሩም፤ ካልተጠሩ ጎማ የለም፤ ጎማ ከሌለ ሽቦው አይገባም፤ ሽቦው ካልገባ አምፕሊፋየሩ አይናገርም፤ አምፕሊፋየሩ ካልተናገረ የአባባ ምርቃት አይሰማም፣ እያለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ወደ ጓዳ ሮጠ።

እትዬ ዘርፌ ጓዳ ተቀምጠው የሙሽራዋን ሹሩባ ይሠራሉ። ይሠራሉ ማለት እንኳ ይከብዳል፤ የጀመሩት ጉንጉን ሁሉ ይፈታባቸዋል። ውብአንቺ ታለቅሳለች፤ ባለቀሰች ቁጥር ራሷ ይወዛወዛል። እትዬ ዘርፌም፣ ሙሽራ በግማሽ ሹሩባ ጥዬ አልነሣም፤ ይህችም ልጅ ራሷን አላረጋልኝም ብላለች፣ ብለው አማረሩ። ደምመላሽ እህቱ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ምን ሆነሻል?» አላት።

«አባባ ካላናገሩኝ ጭንቅላቴን አልሰጥም» አለች ውብአንቺ። «ድምፅ የለኝም ብለው ሸሹኝ። በበሩ ሲያልፉ እንኳ አያዩኝም። እኔ መቼ ድምፃቸውን ፈለግሁ? እርሳቸውን ነው እንጂ።»

ደምመላሽ ጠዋቱን ሙሉ ለአባቱ ድምፅ ሲሮጥ፣ እህቱ አባቷን እንዳጣች ልብ አላለም ነበር። ተነሣና ሮጠ።

አቶ ቢያድግልኝ ከአጥሩ ሥር አዲሱን ኮታቸውን ለብሰው፣ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው ተቀምጠዋል። ደምመላሽ ፊታቸው ቆሞ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። «አባባ፣ እርስዎ ካላናገሯት ውብአንቺ ራሷን አታረጋም፤ ካላረጋች ሹሩባው አያልቅም፤ ሹሩባው ካላለቀ እትዬ ዘርፌ አይነሡም፤ ካልተነሡ ማማሰያው አይለቀቅም፤ ማማሰያው ካልተለቀቀ ጋሽ ጥጋቡ አይጠሩም፤ ካልተጠሩ ጎማ የለም፤ ጎማ ከሌለ ሽቦው አይገባም፤ ሽቦው ካልገባ አምፕሊፋየሩ አይናገርም፤ አምፕሊፋየሩ ካልተናገረ የእርስዎ ምርቃት አይሰማም።»

አቶ ቢያድግልኝ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ። ሳቁ ሲያልፍ ግን ፊታቸው ጠቆረ። ያን ሁሉ በሬና ያን ሁሉ ነጋዴ ሲያስማሙ የኖሩ ሰው፣ የገዛ ልጃቸውን ፈሩ።

«በዚህ ድምፅ ምን እላታለሁ?» አሉ በሹክሹክታ።

ደምመላሽ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። የዚያን ዕለት ካደረገው ሁሉ ያለ መሣሪያ የሠራው ይህን ብቻ ነው።

አቶ ቢያድግልኝ ጓዳ ገቡ፤ ጎንበስ አሉ፤ በልጃቸው ጆሮ አንድ ነገር ተናገሩ። ምን እንዳሏት አትጠይቁኝ፤ ተረት ነጋሪውም ደጅ ቀርቷል። ብቻ ውብአንቺ እንባዋን ጠረገች፤ ራሷን አረጋች፤ ሹሩባው አለቀ። እትዬ ዘርፌ ተነሥተው ማማሰያውን ተቀበሉ። ወይዘሮ ትርንጎ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ጎረቤታቸው ደጅ ቆመው፣ «ጋሽ ጥጋቡ፣ ልጅዎን መጥተው ይዳሩልን» ብለው ጠሩ። ጋሽ ጥጋቡ ቱታቸውን ቢያወልቁ ከሥር ነጭ ሸሚዝና ክራባት ለብሰው ኖሯል፤ ለካ ከጠዋት ጀምሮ ጥሪ ሲጠብቁ ነበር። ጎማውን ቆረጡ፤ ቀዳዳው ጎማ ለበሰ፤ ሽቦው ሹልክ ብሎ ገባ፤ አምፕሊፋየሩም ጉሮሮውን ጠራረገ።

ሙሽራዋ ደጅ ስትወጣ አቶ ቢያድግልኝ ማይኩን ጨበጡ። ያች የሳሳች ሹክሹክታ ከፒካፑ ላይ ወጥታ አጥሩን ሁሉ ተሻገረች።

«ልጄ፣ ከፊትሽ መልካም ይቅደም፤ ከኋላሽ መልካም ይከተል። ጎጆሽ ሳቅ አይጣ። ድምፅሽ የደከመ ቀን፣ ጠጋ ብሎ የሚያዳምጥሽ ሰው አትጪ።»

ሰዉ አሜን አለ። ግማሹ እያለቀሰ ስለነበር አሜኑ ጎላ ሳይል ቀረ። አቶ ቢያድግልኝ ይህን መቼ ያልፋሉ? በሬ በርካሽ ሲጠየቅ እንደሚያደርጉት ቅንድባቸውን ሰቀሉና ማይኩን አስጠጉ።

«አልሰማሁም» አሉ። «ድምፅ ያጣሁት እኔ ነኝ ወይስ እናንተ?»

ያን ጊዜ የወጣው አሜን ወንዙን ተሻገረና ማዶ ያለ ሰው ዞር አለ።

እኔም ሞተሬን እዚህ ላይ አጠፋሁ፤ ተረቴን የሰማ አሜን ይበልልኝ፣ ያልሰማ ጠጋ ይበል።