መልስ ያጣ ግሩፕ

የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ሕይወት ይትባረክ ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። ወሬ እንዳይበዛ ብለውም ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳይጽፍበት ዘጉት። ሁለት ወር ሙሉ ጻፉ፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ወር ወላጆቹን ሰበሰቡና «የልጆቹን ጉዞ ሰርዣለሁ» አሉ። «ማን እንደሚሄድ ብጠይቅ አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ይሄ ንቀት ካልሆነ ምንድን ነው?»

ልጆቹን በነጻ መዝሙር የምታስጠና አንዲት እናት እጇን አወጣች። «አባታችን፣ እሱ እኮ...» ስትል «ቆዪ፣ አልጨረስኩም» አሏት። ጥቂት ጠብቃ ደግማ ብትሞክር «ስናገር አታቋርጪኝ» ብለው ስለ መደማመጥ አንድ ሰዓት አስተማሩ። መጨረሻ ላይ ላባቸውን ጠረጉና «እሺ፣ አሁን መልሺ። ለምንድን ነው የማትጽፉልኝ?» አሏት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

«አባታችን፣ ስልኬ አላስጽፍ ሲለኝ የተበላሸ መስሎኝ ጠጋኝ ጋ ወስጄው ነበር። ጠጋኙ ‹ስልኩ ደህና ነው› ቢለኝ እስከ ዛሬ አላመንኩትም። አሁን ግን ገባኝ፤ ግሩፑ ቁርጥ እርስዎን ነው የሚመስለው።»