ስለ መንገዱ ማን ነገረዎት?

አንዲት ባልቴት ባላት ጥሪት ትንሽ የሚከራይ ቤት መግዛት ፈለገች። «በቤት ነገር ከሳቸው ወዲያ ላሳር» ሲሏት ባለ ብዙ ሕንፃው አቶ እንግዳወርቅ ዘንድ ምክር ልትጠይቅ ሄደች። እሳቸውም ከወዳጆቻቸው ጋር ሆቴላቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«በምን ልጀምር ጌታዬ?» አለች።

«መንገድ የሚወጣበትን ቦታ ቀድመሽ ግዢ» አሏት። «እኔ ይህን ሁሉ የገዛሁት መንገዱ ሳይታሰብ፣ ጅብ ሲጮህበት ነው።»

«እንደሚወጣ በምን ዐወቁ?»

ሰውየው ወደ ሰማይ አንጋጠው፣ «እግዜር ገለጠልኝ! አንቺን ያደኸየሽ አለመጸለይሽ ነው። በይ፣ እዚሁ ሰው ፊት ስንፍናሽን እመኚ!» አሉ። ወዳጆቻቸው ሳቁ።

ሴትዮዋም እጅ ነስታ፣ «መጸለዩንስ እጸልያለሁ ጌታዬ» አለች። «ግን የእርስዎ እግዜር ማዘጋጃ ቤት የሚሠራ ይመስለኛል። የኔው ስለ መንገዱ የነገረኝ ግሬደሩ ቤቴን ሊያፈርስ ደጄ ሲቆም ነው።»