ጅብ የሰቀላቸው ሦስት አምፖሎች

አንድ ጊዜ በአራዊት አገር የኤሌክትሪክ ወፍጮ ተተከለ። ድንጋዩን የሚያዞረው ሞተር ጉልበት የሚያገኘው፣ ባለሙያዎች በፈረንጅኛ «ፌዝ» ከሚሏቸውና ምሰሶው ላይ በጠፍር ከታሰሩ ሦስት ሽቦዎች ነበር። ዘበኛው አያ ጅቦ ነው። መብራት መኖሩን የሚያውቀው በሩ ላይ በተንጠለጠለች አንዲት አምፖል ነበር። ከበራች «አለ!» ብሎ ይጮኻል፤ ከጠፋች ይተኛል።

አንድ ቀን አህያ ማሽላዋን ስታስፈጭ ሞተሩ አጓራ፣ ጨሰ፣ ተቃጠለ። አምፖሏ ግን ቦግ ብላ እንደበራች ነበር።

«ንጉሥ ሆይ፣ መብራቱም አለ፣ እኔም ነቅቼ ነበር» አለ ጅብ ለአንበሳ። «ጥፋቱ የአህያ ነው። እርጥብ እህል አምጥታ ሞተሩን አነቀችው።»

አንበሳ በጣም ተቆጣ። «ሌላ ሞተር ይገዛል። እሱም በአህያ ተራ ከተቃጠለ፣ አህያን ለጅብ ሰጥቻለሁ!»

ከዚያ ወዲህ ጅብ አህያን ባየ ቁጥር ከንፈሩን ይልሳል። «እህት አህያ፣ ከስተሻል እኮ! ተራሽ እስኪደርስ ደህና ብዪ እንጂ።»

አህያ ምግብ አልወርድ ሲላት ወደ እመት ቀበሮ ሄደች።

«ማሽላሽ እርጥብ ነበር እንዴ?» አለች ቀበሮ።

«ኧረ ጥርስ ይሰብር ነበር!»

«ሞተሩ ሲቃጠልስ ድምፁ እንዴት ነበር?»

«ጭነት ሲበዛብኝ እንደማቃስተው ነበር የሚያቃስተው።»

ቀበሮ ጆሮዋን ቀሰረች። «እንግዲያው ከሦስቱ ሽቦዎች አንዱ ጎድሎበት ነው። የሦስቱን ሥራ ሁለቱ ሲሸከሙ ሞተሩ ይግላል፣ ከዚያ ይቃጠላል። የበሩ አምፖል የምትበራው በአንዱ ሽቦ ብቻ ነው። የሌሎቹን ሁኔታ በምን ታውቃለች?»

«ታዲያ ምን ይሻለኛል?»

«ለሦስቱም አምፖል መስቀል ነዋ!»

«ጅብ መች ያስጠጋናል?»

«እሱ ራሱ ይሰቅለዋል» አለች ቀበሮ እየሳቀች።

ወዲያው ወፍጮ ቤቱ ሄደች። «አያ ጅቦ፣ ያንተን ያህል ዘበኛ በአንዲት አምፖል? የዝንጀሮ ሱቅ እንኳ ሁለት አለው! በአህያ ተራ ንጉሡ ራሳቸው ሊመጡ ነው አሉ።»

ጅብ ደረቱን ነፋ። «እውነትሽን ነው! ስንት ይመጥነኛል?»

«ሦስት፤ ለየሽቦው አንዳንድ። ከሞተሩ ማጥፊያ በፊት ባለው ሽቦ ላይ ስቀላቸው፤ ሞተሩ ቢጠፋም አንተ እንደደመቅህ ትቆያለህ።»

ጅብ እያፏጨ ሰቀላቸው። ቀበሮም አህያን ለብቻዋ ጠርታ፣ «አንዷ ከፈዘዘች ሞተሩን አጥፊው። አምፖሏ እስክትጠፋ አትጠብቂ፤ የሚዞር ሞተር ለሞተው ሽቦ ትንፋሹን ያውሰዋል» አለቻት።

የአህያ ተራ ደረሰ። አራዊቱ፣ ዝንጀሮም ጭምር፣ ለማየት ተሰበሰቡ። አንበሳ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ፤ ጅብ ምራቁን እየዋጠ ከጎኑ ቆመ። አዲሱ ሞተር ተነሣ፤ ዱቄቱ መውረድ ጀመረ፤ ሦስቱም አምፖሎች በሩ። አህያ ዐይኗን ከእነሱ ላይ አልነቀለችም።

ድንገት ነፋስ ተነሣ። የሞተሩ ድምፅ ከበደ። ሦስተኛዋ አምፖል አልጠፋችም፤ ግን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ገረጣች።

አህያ ይህን አየች። ወደ ማጥፊያው አንድ እርምጃ ተራመደች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» ጮኸ ጅብ። «ሦስቱም በርተዋል! ንጉሥ ሆይ፣ ተንኮሏን ይመልከቱልኝ!»

«አህያ» አለ አንበሳ፣ «በከንቱ ካጠፋሽው ፍርዱ ዛሬውኑ ይፈጸማል።»

አህያ ጅብን አየችው፤ ጥርሱ ወጥቷል። አምፖሏን አየቻት፤ ገርጥታለች። የሞተሩን ማቃሰት ሰማች። ያንን ድምፅ በራሷ ወገብ ታውቀዋለች። ዐይኗን ጨፍና ማጥፊያውን በአፍንጫዋ ቁልቁል ገፋችው።

ዐይኗን ስትገልጥ አንደኛዋ አምፖል በርታለች። ሁለተኛዋም በርታለች። ሦስተኛዋ ድርግም ብላ ጠፍታለች!

«አዩት ንጉሥ ሆይ!» አለች አህያ። ሁልጊዜ የሚንቀጠቀጠው ድምፅዋ ወፍጮ ቤቱን ሞላው። «ሽቦው የሞተው ቀደም ብሎ ነው! አምፖሏን አብርቶ ያቆያት ሞተሩ ራሱ ነበር!»

አንበሳ ሞተሩን በመዳፉ ነካው። ሞቋል እንጂ አልተቃጠለም። ዝንጀሮ ሦስተኛውን ሽቦ ተከትሎ ምሰሶው ላይ ወጣ።

«ጠፍሩ የለም!» ሲል ከላይ ጮኸ። «ሽቦው ላልቷል፤ ነፋስ ሲነሣ ይላቀቃል፣ ሲረጋ ይገጥማል። ኧረ ደግሞ የቀረችው ቁራጭ ላይ የጥርስ ምልክት አለ!»

ሁሉም ወደ ጅብ ዞሩ።

«እኔ... አልበላሁትም» አለ ጅብ እያፈገፈገ። «ትንሽ ቀመስኩት እንጂ። ጨው ያለበትን ጠፍር ማን አይቶ ያልፋል?»

ወፍጮ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ፤ አንበሳ እንኳ ጢሙን በመዳፉ ሸፈነ። ከዚያም ተነሥቶ ፈረደ፦ «ከዛሬ ጀምሮ የማጥፊያው ኃላፊ አህያ ናት! እህሏን የሚሸከምላት ደግሞ ጅብ ነው!»

አህያ ጆሮዋን አቁማ፣ ጀርባዋን ቀልሏት፣ ደጋግማ እያናፋች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከኋላዋ ጅብ ዱቄት በሞላው ጆንያ ሥር ያቃስታል።

«ቀስ በዪ እንጂ፣ እህት አህያ!»

«አያ ጅቦ፣ ከስተሃል እኮ!» አለችው ዞር ብላ። «ደህና ብላ እንጂ!»

ከዚህ የምንማረው ሥራው ስለቀጠለ ብቻ የጎደለ የለም ብለን መዘናጋት እንደሌለብን፣ ይልቁንም ጉድለቱ ሁሉን ሳያቃጥል በድፍረት ቆም ብለን መመርመር እንዳለብን ነው።