ሼህ አይዳሂስ ያልደበቁት ሣር

አዋሽ በረሃውን አቋርጦ በሚወርድበት አገር፣ ዕድሜዋን ማንም በማያውቃት በአንዲት የጥንት ከተማ፣ ሼህ አይዳሂስ የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። ኪታብ ያስቀራሉ፣ ከብትም ያረባሉ። ሰው ግን ከዕውቀታቸው ይልቅ የሚያከብራቸው በአንደበታቸው ነበር፤ እሳቸው ባሉት ነገር ላይ ምስክር አይጠየቅም።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋና የወገናቸው ከብት ከስቶ መውደቅ ጀመረ። ሼሁም የእህታቸውን ልጅ ዲኒን አስከትለው፣ ግጦሽ ፍለጋ የወንዙን ዳር ይዘው ወረዱ። ሙቀቱ አናት ይበሳል። ዲኒ የቀረችው አንዲት የምትታለብ ላም ናት፤ ልጆቹ የሚጠብቁት እሷን ነው። ስለዚህ ወንዙ ከሚጠመዘዝበት ስፍራ ጉልበት የሚደርስ ሣር ሲያይ እንባው መጣ። ሼሁ "አልሐምዱሊላህ" ብለው በአዋሽ ውሃ ውዱእ አደረጉና የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን፣ ሰገዱ።

ሲመለሱ ግራር ጥላ ሥር ገአስ የሚባል የሌላ ጎሳ ሰው አገኙ። እሱም ግጦሽ ፈላጊ ነው። በዚያ አገር መንገደኛና መንገደኛ ሳይቀመጡ አይተላለፉም፤ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። ዳጉ ይሉታል።

ዲኒ ደነገጠ። የገአስ ሰፈር ከእነሱ ይልቅ ለሣሩ ይቀርባል።

"አጎቴ፣ ሳይመሽብን እንሂድ" አለ። ፀሐይዋ ገና አናታቸው ላይ ነበረች።

ሼሁ ተቀመጡ።

"ምን አዩ፣ ያ ሼህ?" አለ ገአስ።

"ወንዙ ከሚጠመዘዝበት ጉልበት የሚደርስ ሣር አይተናል። ከብታችንን ልናመጣ እየተመለስን ነው።"

ገአስ አመስግኖ ሄደ፤ እርምጃው ሩጫ ሊሆን ምንም አልቀረው። ዲኒ ንዴቱን መዋጥ አቃተው።

"ዝም ቢሉስ? ዝምታ እኮ ውሸት አይደለም።"

"የጠየቀኝ አምኖኝ፣ በአማና ነው" አሉ ሼሁ። "አማና አጉድዬ ባበላኋት ላም፣ ወተቷ ለልጆችህ ሐላል ይሆናል?"

የዲኒ ንዴት ግን አልበረደም። ሰፈራቸው ደርሰው ከብቱን ነድተው፣ የወደቀው መንገድ ላይ ቀርቶ፣ የቀረው እየተጎተተ ወንዙ ጋ ደረሱ። የገአስ ወገኖች ከብት ሣሩ ውስጥ ገብቷል። ዲኒ የፈራው ደረሰ ብሎ ቆመ። ኋላ ግን አስተውሎ ሲያይ፣ ከወዲህ ያለው ግማሽ ሣር አልተነካም። ገአስና ወንድሞቹ ጥላውን ትተው፣ ዱላ ይዘው፣ የገዛ ከብታቸውን ከዚያ ሣር እየመለሱ ነበር።

"ሽማግሌዎቻችን ማን ነገረህ አሉኝ፣ ነገርኳቸው" አለ ገአስ ላቡን እየጠረገ። "የነገረንን ሰው ድርሻ የበላ ከብት ከበረታችን አይገባም አሉ።"

ዲኒ ላሚቱን ለቀቃት። የሼህ አይዳሂስ የእህት ልጅ በመሆኑ እንደዚያን ቀን ኮርቶ አያውቅም፤ በንዴቱ ከማፈሩ ጋር ኮራ። ሼሁም ወደ እሱ ዞር ብለው፣ "ልጄ፣ ሣር ተግጦ ይበቅላል፤ አማና ግን ከተነቀለ አይበቅልም" አሉት።

ወገኖቼ፣ ሼሁ እውነቱን ሲናገሩ ሣሩ እንደሚጠብቃቸው አያውቁም ነበር። ሳይጠብቃቸውም ቢቀር ያንኑ ይናገሩ ነበር። ይህን አገር ከድርቅ ወደ ድርቅ ያሻገረው እንዲህ ያለ አንደበት ነውና ብንኮራበት አይበዛብንም። ያ ሣር ወዲያው ተግጦ አለቀ። በዚያ መንገድ ግን ዛሬም ስለ አንድ ወሬ "የሼህ አይዳሂስ ዳጉ ነው" ከተባለ፣ ሰሚው ሌላ ምስክር ሳይጠይቅ ከብቱን ያስነሣል።