ከመልሱ በኋላ ያለው መጽሐፍ

አንዲት ሴት ነበረች። ሥራዋ የፍቅር ልብ ወለድ መጻፍ ነው።

አትሳቁ! ስንቶቻችሁ የመዝሙር ደብተር ውስጥ ደብቃችሁ እንደምታነቡ አውቃለሁ። እኔም አንብቤያለሁ፤ ባለቤቴ እዚያ ተቀምጣለችና መካድ አልችልም።

ይህች ሴት፣ ትርሲት እንበላት፣ የምትጽፈው አንድ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። አምስት ነው፤ ተከታታይ። አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖሩ ጓደኛሞች አሉ። በየመጽሐፉ አንዷ ትወዳለች፣ ትጣላለች፣ ትታረቃለች፣ ታገባለች። ማለቂያው ሁልጊዜ ሠርግ ነው። ሠርግ፣ ከዚያ መልስ፣ ከዚያ «ተፈጸመ»።

አምስት መጽሐፍ ሙሉ የሰዎቹ ነገር ሳይምታታ እንዴት ይጻፋል? ይኼ ይገርመኝ ነበርና አንድ ቀን ጠየቅኋት።

«ተምታቶብኝ ያውቃል እንጂ!» አለችኝ። ናሆም የሚባለው ወንድ በመጀመሪያው መጽሐፍ ጠባሳው ግራ ቅንድቡ ላይ ነበር፤ በሁለተኛው ቀኝ ላይ ተገኘ። አንዲት አንባቢ ደውላ «እህቴ፣ ሰውዬው ተቀይሮ ነው ወይስ ጠባሳው መንገድ ጀመረ?» አለቻት።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ደብተር አላት። በደብተሩ ውስጥ መቶ ጥያቄ። ምን ይፈራል? ሲናደድ እጁን የት ያደርጋል? የትኛውን ምግብ እየጠላ ዝም ብሎ ይበላል? መቶው ሳይመለስ አንድ መስመር አትጽፍም። ስትጽፍ ደግሞ ንግግሩን ጮክ ብላ እየተናገረች ነው። የሴቲቱን በሴቲቱ ድምፅ፣ የናሆምን በናሆም ድምፅ። ትስቃለች፣ ታኮርፋለች፣ ትታረቃለች። ብቻዋን!

አራቱ መጻሕፍት ወጡ። አንባቢ ግን አንድ ነገር ያዘና አልለቅ አለ። «ከመልሱ በኋላስ? ናሆም እንዴት ያለ ባል ወጣው?» እውነት ነው፤ እኔም ማወቅ ፈልጌ ነበር። ስለዚህ አምስተኛው መጽሐፍ እሱ እንዲሆን አቀደች። ናሆምና ሚስቱ፣ ከሠርጋቸው አሥራ አንድ ዓመት በኋላ።

አዲስ ደብተር ገዛች። መቶውን ጥያቄ ጻፈች። የመጀመሪያው «ብቻውን ሲሆን ምን ያስባል?» የሚል ነበር።

አላወቀችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብተሩ ላይ አፍጥጣ አላወቀችም። የጎረምሳውን ናሆም ልብ ታውቀዋለች፤ የባልን ልብ ከየት ታምጣው?

ቆይ ቆይ! ሴትዮዋ ባል የላትም እንዴ?

አላት! ደጀኔ ይባላል። መንገድ ሥራ ላይ ቀያሽ ነው። ከተጋቡ አሥራ አንድ ዓመታቸው።

እናም ቅዳሜ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ደጀኔ መስታወቱን አጥሩ ላይ ሰቅሎ ጢሙን ይላጫል። ግማሽ ፊቱ ሳሙና ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?»

«ምን አለቀ? ዘይት ነው?»

አያችሁ! በዚያ ቤት ጥያቄ ማለት ይኼ ነበር።

«አይደለም። ብቻህን ስትሆን ምን ታስባለህ?»

ምላጩ አየር ላይ ቀረ። «ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ለመጽሐፌ ነው።»

«እ... ለመጽሐፍ ከሆነ ጥሩ» አለና መላጨቱን ቀጠለ። «ሰውዬው ከሥራ ሲመለስ በሩ ላይ ትንሽ ይቆማል ብለሽ ጻፊ።»

«ለምን ይቆማል?»

«ሚስቱ ቤት ውስጥ ስትስቅ ይሰማል። ከዚያ ከፈጠረችው ሰውዬ ጋር። ደስ የሚል ሳቅ ነው። እሱ ሲገባ ሳቁ ይቆማል።»

ትርሲት ቃል በቃል ጻፈችው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ጎዴ የሁለት ዓመት ሥራ ተገኘለት። ማመልከቻውን ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይዞታል በይ። ሰኞ ያስገባዋል።»

«ደጀኔ፣ ይኼ ሰውዬው ነው ወይስ አንተ?»

«ለመጽሐፍ አይደል ያልሽው?» አላት፤ ዞር ብሎ ግን አላያትም።

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ሽማግሌ ትጠሩ ነበር? ታለቅሱ ነበር? ኪሱን ትፈትሹ ነበር? እሷ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቀች። ሦስተኛውን ጠየቀች። ቅዳሜ ዋሉ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀጠሉ። ሰባተኛው ላይ ሰማያዊ ሸሚዝ እንደማይወድ ነገራት። በየዓመቱ የምትገዛለት ሰማያዊ ሸሚዝ ነው!

«አሥራ አንድ ዓመት ለምን ዝም አልክ?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

በዚህ ጊዜ አለቀሰች። የናሆምን የሸሚዝ ቀለም፣ የኮሌታ ቁጥሩን ሳይቀር ታውቃለች። አፈረች፤ ልቧ ተሰበረ፤ «ይቅር በለኝ» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ማመልከቻውን በኪሱ ይዞ ወጣ። «አትሂድ» አላለችውም። የግቢው በር ላይ ቆመና ዞሮ፣ «ስንተኛው ላይ ነን?» አላት።

«አርባ ሁለት።»

ከኪሱ ወረቀቱን አወጣ፤ ደብተሩን ከእጇ ተቀብሎ ገጹ መሃል ሻጠው። «እንዳይጠፋብሽ ምልክት አድርጊው። አርባ ሦስትን ማታ ትጠይቂኛለሽ» ብሎ ሄደ።

አምስተኛው መጽሐፍ ወጣ ወይ? አልወጣም። አሳታሚው በየሳምንቱ ይደውላል። «ገና እያጠናሁ ነው» ትለዋለች።

እስቲ እንነጋገር። ስንቶቻችን የምንደግፈው ተጫዋች የትኛው ጉልበቱ እንደሚያመው እናውቃለን! በቴሌቪዥን ድራማ ላይ ያለችው ሴት ማንን እንደምትጠራጠር እናውቃለን! አጠገባችሁ የሚተኛው ሰው፣ ያሳደገቻችሁ እናት፣ ማዶ ክፍል ያለው ልጃችሁ፣ ብቻቸውን ሲሆኑ ምን ያስባሉ? «ድሮ አውቀዋለሁ» ትላላችሁ። ድሮ ያወቃችሁት የድሮውን ነው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ እንኳ የተደበቀውን ሰው ሲፈልግ በጥያቄ ነው የጀመረው። እኛ ምን ቆርጦን ነው የማንጠይቀው?

ዛሬ ቤት ስትገቡ ጠይቁ። «ማን ምን አለህ?» ትባላላችሁ፤ አትደንግጡ፣ ድንጋይ ፈልጋችሁ ተቀመጡ።

እኔ ሐሙስ ዕለት ባለቤቴን ጠየቅኋት። ገና እንደጀመርኩ ቀና ብላ አየችኝና «ለስብከት ነው?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቤት ስገባ እንደገና እጠይቃታለሁ፤ የምትመልስልኝን ግን ለእናንተ አልነግራችሁም።